የበሬ ቅልጥም ለዶቃና ለቢላ እጀታ፦ ከነጣ በኋላ ለምን ቢጫ ይመልሳል? ቅባቱስ እንዴት ይወጣል?

ዶቃ ሠሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ከበሬ ቅልጥም ዶቃና የጆሮ ጌጥ እሠራለሁ፤ አሁን የቢላ እጀታም ታዝዣለሁ። ያስቸገረኝ ቅርጹ ሳይሆን ጽዳቱ ነው። የተደረገውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ፤ የቱ ጋ እንደተበላሸ ንገሩኝ።

12 ቅልጥም ከሉካንዳ ቤት መጣ። ሥጋና ጅማቱ በቢላ ተፋቀ፤ ጫፎቹ ግን አልተቆረጡም ነበር። ኦሞ በተጨመረበት ውሃ 3 ሰዓት ሙሉ እየተንፈቀፈቀ ተቀቀለ። ከዚያ በኋላ ነው ጫፍና ጫፉ በመጋዝ ተቆርጦ መቅኒው የወጣው። ሌሊቱን ግማሽ በግማሽ በሆነ በረኪናና ውሃ ውስጥ አደረ። ጠዋት ሲወጣ እንደ ወተት ነጭ ነበር። 2 ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ደረቀና ወደ ሥራ ገባ።

በ3ኛው ሳምንት የሆነው ይህ ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ ቢጫ ነጠብጣብ እየወጣ ነው፣ በተለይ ወደ ጫፉ አካባቢ፤ ሙቀት ሲያገኘው ሞራ ሞራ ይሸታል። ላዩ ጠመኔ ሆኗል፤ በጣት ሲታሽ ነጭ ዱቄት ይተዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ቢታሽ ቢታሽ አያበራም። ሲበሳ ደግሞ ከ10 ዶቃ 4ቱ ለሁለት ይሰነጠቃል።

ያለውን ማዳን ይቻላል? ለሚቀጥለው 40 ቅልጥምስ ከመጀመሪያው ጀምሮ ትክክለኛው አሠራር ምንድን ነው? መጠኑን፣ ሙቀቱን፣ ቀኑን በቁጥር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ያለሁት አዲስ አበባ ነው።

ሞረድ

እህቴ ሰላም። ጫፎቹ ሳይቆረጡ መቀቀላቸው፣ ከዚያ በረኪናው፣ ከዚያ ፀሐዩ፤ ሦስቱ ተደራርበው ነው ይህን ያመጡት። ምክንያቱን አንድ በአንድ እንየው፣ ምክንያቱ ከገባሽ አሠራሩን ራስሽ ትደርሺበታለሽ።

አጥንት በክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን ነው። የቀረው በአብዛኛው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ሲሆን ጥቂት ውሃም አለበት። ኮላጅኑ የሚሠራው ጭድ በጭቃ ግድግዳ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ነው። ጭድ ያነሰው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ በእጅ ሲነካ ይረግፋል። ያንቺም አጥንት የሆነው ይኸው ነው፤ ጭዱ ወጥቶ ጭቃው ቀርቷል።

ጭዱን ያወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የ3 ሰዓቱ መንፈቅፈቅ ነው። የቅልጥም መረቅ ሲቀዘቅዝ እንደሚረጋ ታውቂያለሽ፤ ያ የሚረጋው ከጅማቱና ከአጥንቱ የወጣ ኮላጅን ነው። ለመረቅ መልካም ነው፣ ለዶቃ ግን ኪሳራ ነው። ሌላው በረኪናው ነው። በረኪና ፕሮቲን ይበላል፤ የትኛው ቆሻሻ፣ የትኛው የአጥንቱ አካል እንደሆነ አይለይም። ላዩን አጥበሽው እንኳ በጥቃቅኑ ቀዳዳ የገባው መብላቱን ይቀጥላል። የመጀመሪያው ቀን ያማረው አጥንት በሦስተኛው ሳምንት ጠመኔ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቢጫው ደግሞ ቅባት ነው። በረኪና ቀለም ያነጣል እንጂ ስብ አያወጣም። ጫፎቹ እንደተደፈኑ ሲቀቀል፣ ውስጥ የቀለጠው መቅኒ መውጫ አጥቶ ወደ ግድግዳው ቀዳዳዎች ገባ። ሲቀዘቅዝ እዚያው ረጋ። ፀሐይና የእጅ ሙቀት ሲያገኘው አሁን ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ ገና ለወራትም ይወጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሥጋና መቅኒ ይወጣል፣ ቀጥሎ ቅባቱ፣ ማንጣት የመጨረሻው ነው። ነጭ መሆኑን አይተሽ ጸድቷል አትበዪ። ቅባት ያለበት አጥንት ቢነጣም ቢጫው ይመለሳል፤ ቅባቱ በደንብ የወጣለት አጥንት ግን ብዙ ጊዜ ማንጣትም አያስፈልገው።

ቀንድና አጥንት

ሞረድ በትክክል አስረድቶታል። እኔ ለ40ው ቅልጥም የሚሆነውን አሠራር ልጻፍልሽ።

ከምርጫው እንጀምር፣ ግማሹ ሥራ እዚያ ያልቃል። ከጉልበት በታች፣ ከሰኮናው በላይ ያለውን ቀጥ ያለ አጥንት ጠይቂ። ግድግዳው ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ስፖንጅ የመሰለው ክፍል ጫፍና ጫፉ ላይ ብቻ ነው ያለው። የኋላ እግሩ ረዘም ብሎ አራት ማዕዘን ስለሚመስል ለእጀታ ይመቻል። የፊቱ አንድ ወገኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ ለጆሮ ጌጥ ቁራጭ ይወጣዋል። የጭን አጥንት ትልቅ ስለሆነ ያጓጓል፣ ነገር ግን ግድግዳው ይሳሳል፣ ቅባቱም ይበዛል። የጥጃ አጥንት አትግዢ፤ ቀዳዳው ብዙ ነው። ዕድሜ የጠገበ የእርሻ በሬ ከተገኘ ከሁሉም ይበልጣል። የታችኛው እግር ሌላም ጥቅም አለው። እዚያ ያለው ቅባት ከሌላው የሰውነት ሞራ ቀጠን ያለ ነው፤ ብርድ ላይም ቶሎ አይረጋም፣ ስለዚህ ሲወጣ አያስቸግርም።

እሳት የነካውን፣ ከጥብስ ወይም ከመረቅ የተረፈውን አጥንት ለሥራ አትያዢው። ገና ሲመጣ ጭዱ ሄዷል።

አጥንቱ በመጣበት ቀን ሥራውን ጀምሪ። ሥጋ እንደያዘ ደርቆ ከከረመ ጅማቱ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ ቅባቱም ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ዕለቱን ካልተመቸሽ ውሃ ውስጥ ይደር እንጂ አየር ላይ አይደር። ውሻና ድመት እንዳይነካው በክዳን።

ጫፎቹን በሰጌቶ ቁረጪ፤ ጥርሱ የደቀቀው ምላጭ ይሻላል፣ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ያለው። ስፖንጅ የመሰለው ነገር እስኪጠፋ ድረስ ከየጫፉ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። እዚህ ላይ አትሳሺ። ያንቺ ቢጫ ነጠብጣብ ወደ ጫፉ የበዛው ያ ስፖንጅ ስለቀረ ነው፤ እሱን ቅባት ለማስለቀቅ ሁለትና ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል፣ ለዶቃም አይሆንም። የሚተርፍሽ ሁለቱም አፉ ክፍት የሆነ ቱቦ ነው። መቅኒውን በወፍራም ሽቦ ገፍተሽ አውጪ፤ የውስጡን ግድግዳ በክብ ሞረድ ወይም በጠርሙስ ብሩሽ ፋቂው። ግድግዳው ላይ ደም ሥር የሚያልፍባት አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በቀጭን ሽቦ ውጊያት፣ እዚያ ውስጥ ሁልጊዜ ሞራ ይቀራል።

ከዚያ 2 ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይዋል ይደር፤ ውሃው ጠዋትና ማታ ይቀየር። ዓላማው ደሙን ማስለቀቅ ነው። ደም ያለበት አጥንት ሙቀት ካገኘው ቡናማው ቀለም እዚያው ይጋገርበታል፣ በኋላ ማንጫው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም በቀላሉ አያነሣውም።

ቀጥሎ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት፣ ከዚያ አይበልጥም። ይህ አጥንቱን የሸፈነውን ስስ ገለፈትና የቀረውን ጅማት ለማላቀቅ ብቻ ነው። ውሃው ሳይፈላ ይጪስ፤ ከድስቱ ሥር ትንንሽ አረፋ መነሣት ሲጀምር እሳቱን ቀንሺ። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትርን ስለሚያልፍ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ «እኛ ጋ ሲፈላም ያን ያህል አይሞቅም» ብለው የሚቀቅሉ አሉ። 92ም ኮላጅን ያወጣል። ፕሬሸር ማብሰያ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ሳይቀዘቅዝ በደነዘዘ ቢላ ፋቂው፤ ስል ቢላ አጥንቱን ይጭረዋል፣ ጭረቱም ሲወለወል ይታያል።

አሁን ዋናው፣ ቅባት ማውጣቱ። 20 ሊትር በሚይዝ የፕላስቲክ ባልዲ 10 ቁራጭ፣ 12 ሊትር ውሃ፣ 60 ሚሊ ሊትር ላርጎ፣ ጎደል ያለ አንድ የቡና ስኒ ማለት ነው። 40ው በ4 ባልዲ ይገባል። ሳሙናው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ይሁን፤ በረኪና የተቀላቀለበት እንዳይሆን ጽሑፉን አንብቢ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አልመክርም። ብዙዎቹ የሥጋና የደም እድፍ የሚበላ ኢንዛይም አላቸው፤ ያ ኢንዛይም ለሳምንታት ሲቆይ ኮላጅኑንም ይነካል። ኮስቲክ ሶዳ ስብን ወደ ሳሙና ይለውጣል ብለው የሚጨምሩ አሉ፤ እውነት ነው ይለውጣል፣ አጥንቱንም አብሮ ይፈታዋል።

ሙቀቱ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ። የበሬ ሞራ የሚቀልጠው 45 አካባቢ ስለሆነ ከዚያ በታች ሳሙናው የረጋ ስብ ላይ ነው የሚንሸራተተው። እጅ ገብቶ ጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚታገሠው ሙቀት ነው፣ ግን ቴርሞሜትር ግዢ። ቀኑን ሙሉ በዚህ ሙቀት መያዝ ካልተቻለ ጠዋትና ማታ አሙቂው፤ ባልዲውን ከድነሽ ሰጋቱራ በሞላበት ካርቶን ውስጥ አስቀምጪው ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልይው፣ ለብዙ ሰዓት ይይዛል። በጋ ላይ ጥቁር ባልዲ ፀሐይ ላይ ማዋል ይረዳል። መብራት ጠፍቶ ቢቀዘቅዝ አጥንቱ አይበላሽም፣ ሥራው ይቆማል እንጂ። ባልዲ ውስጥ የሚነከረውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰክተሽ ግን አትራቂ፤ ያፈላዋል፣ ለሰውም አደጋ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ውሃው በየ2 ቀኑ፣ ከዚያ በየ4 ቀኑ ይቀየር። አዲሱ ውሃ አስቀድሞ የሞቀ ይሁን። ቀዝቃዛ ውሃ ከደፋሽበት እየወጣ ያለው ቅባት ላዩ ላይ ይረጋና እንደገና ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። የመጀመሪያው ውሃ ቢጫ ሆኖ ላዩ ላይ የወጥ ዘይት የመሰለ ዓይን ዓይን ይታይበታል። እየቆየ ወደ ነጭ ድፍርስ ይሄዳል፤ በመጨረሻ እንዳፈሰስሽው ጥርት ብሎ ይቆያል። ለእንዲህ ያለ ቱቦ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በቂ ነው። ቆሻሻውን ውሃ ሲንክ ውስጥ አትድፊው፤ ቀዝቅዞ ላዩ ላይ የረጋውን ስብ ገፈሽ ነው፣ አለበለዚያ ቱቦውን ይደፍነዋል።

ከሜሪላንድ

ስለ ማንጣቱ ልጨምር። ትክክለኛው ነገር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ፐርኦክሳይድ ሥራውን ጨርሶ ውሃና ኦክስጅን ሆኖ ይሄዳል፤ እንደ በረኪና ውስጥ ተደብቆ አይቀርም።

የምትፈልጊው 3 በመቶውን ነው። ፋርማሲ ቁስል ማጠቢያ ተብሎ በቡናማ ጠርሙስ የሚሸጠው ያ ነው። ለ40 ቁራጭ ግን ጠርሙስ በጠርሙስ መግዛቱ ስለሚከብድ ከጸጉር ቀለም ጋር የሚሸጠውን ማየት ይቻላል። እሱ የሚጻፍበት በቮልዩም ነው። 10 ቮልዩም ማለት 3 በመቶ፣ 20 ማለት 6፣ 30 ማለት 9፣ 40 ማለት 12 በመቶ ነው። ፈሳሹን ውሰጂ፤ ክሬሙ ውስጥ ቅባትነት ያለው ነገር ስላለበት ያወጣሽውን መልሶ ያስገባል። ባለ 40ውን 1 እጅ ከ3 እጅ ውሃ፣ ባለ 20ውን 1 ለ1 ስትቀላቅይ 3 በመቶ ይሆናል። ኢንዱስትሪ ውስጥ የሚሸጠውን 35 በመቶ አትጠጊው፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ላይ ቢፈናጠር ጉዳቱ ከባድ ነው።

ዕቃው ፕላስቲክ ወይም ብርጭቆ ይሁን። ብረት ፐርኦክሳይዱን ያፈርሰዋል፣ ዝገቱም አጥንቱ ላይ እድፍ ይተዋል። ክዳኑን በጭራሽ ጥርቅም አድርገሽ አትዝጊ፤ ኦክስጅን ስለሚለቅ ዕቃው ይፈነዳል። ላላ አድርገሽ ጣል አድርጊበት፣ ከብርሃን አርቂው። አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ይስጠም፣ ከላይ ብቅ ያለ ካለ በውሃው ልክ መስመር ይወጣበታል። ከ24 እስከ 48 ሰዓት በቂ ነው። አታሙቂው።

የምትመለከቺው አረፋውን ነው። ትንሽ ትንሽ አረፋ ቢነሣ ጤናማ ነው። ውሃው ላይ ወፍራም አረፋ ከተከመረ ደም ወይም ሥጋ ቀርቷል ማለት ነው። ከ2 ቀን በኋላ ነጭ ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ግን ውሃ እንደነካው ወረቀት የሚያሳልፍ ቢጫ ከታየ፣ እሱ ቅባት ነው። ፐርኦክሳይድ መጨመር አይጠቅመውም፤ ወደ ሳሙናው ባልዲ ይመለስ።

ሲወጣ 1 ቀን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይዋል፣ ከዚያ ጥላ ሥር ይድረቅ። የአዲስ አበባ የበጋ ንፋስ በጣም ደረቅ ነው፣ አጥንት ደግሞ እንደ እንጨት ከጫፉ ነው ቶሎ የሚደርቀው። ጫፉ ደርቆ ሲኮማተር መሃሉ ገና እርጥብ ስለሆነ በርዝመቱ ይሰነጠቃል። በጋዜጣ ጠቅልለሽ ካርቶን ውስጥ ከ10 እስከ 14 ቀን ተዪው፤ ጋዜጣው ሲረጥብ ቀይሪው።

የከብት ሐኪም

እዚህ ድረስ ማንም ያላነሣው ነገር አለ፤ አጥንቱ ከየት እንደመጣ። እባካችሁ ይህን በጥሞና አንብቡት።

በአገራችን አባሰንጋ አለ። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ከእንስሳው ሲወጣ ስፖር የሚባል ጠንካራ ቅርፊት ይሠራል፤ በአፈር ውስጥ፣ በቆዳ፣ በጸጉር፣ በአጥንት ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ከላይ የተጻፈው 80 ዲግሪ፣ ሳሙናውም፣ 3 በመቶ ፐርኦክሳይዱም ስፖሩን ለመግደል አይታመኑም። ቀቀልነው ብላችሁም አትተማመኑ። አስተማማኙ የሆስፒታል ዕቃ የሚቀቀልበት በግፊት የታመቀ የ121 ዲግሪ እንፋሎት ነው፤ እሱ ደግሞ አጥንቱን ለሥራ አያስቀርም። ስለዚህ መከላከያው አንድ ነው፤ ከቄራ፣ ታርዶና በእንስሳት ጤና ባለሙያ ተመርምሮ ከወጣ ከብት ብቻ ውሰዱ። ሜዳ ላይ ነጭ ሆኖ የተገኘ አጥንት ያምራል፣ የጸዳም ይመስላል፤ ከብቱ በምን እንደሞተ ግን የሚያውቅ የለም። አትንኩት፣ አትቁረጡት።

ቆዳ፣ ጸጉርና አጥንት የሚሠሩ ሰዎች በዚህ በሽታ የሚያዙት በቁስል በኩል ወይም አቧራውን በመተንፈስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ለንደን ውስጥ ከበሮ የሚሠራ ሰው ከእንስሳ ቆዳ የተነሣውን ስፖር ተንፍሶ ሞቷል። በእጅ ወይም በፊት ላይ መጀመሪያ የሚያሳክክ፣ ከዚያ መሃሉ የሚጠቁርና የማያም ቁስል ከወጣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ከእንስሳ አጥንት ጋር እንደምትሠሩም ለሐኪሙ ንገሩት። በጊዜ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይድናል።

ከጤናማ ከብት የተገኘ አጥንትም ቢሆን አቧራው ሳንባን ይጎዳል። ከመቁረጥሽ በፊት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ውሃ ውስጥ ንከሪው፤ መጋዙም ይለሰልሳል፣ አቧራውም አይነሣም። ስትሞርጂና በብርጭቆ ወረቀት ስታሺ እርጥብ ይሁን። ኤን 95 ማስክ አድርጊ፤ የጨርቁ ማስክ ይህን አቧራ አይዝም። ትኩስ ሥጋና መቅኒ ሲነካ ጓንት አይለይሽ፣ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታም አለና።

በረኪናን ከአሞኒያ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ቅባት ይለቃል ተብሎ አሞኒያ ሲመከር ስለምሰማ ነው የምጽፈው፤ በረኪና የነካው ባልዲ ውስጥ አሞኒያ ከገባ ያው ነው።

ዶቃ ሠሪዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ ቀንድና አጥንት፣ የጫፉን ነገር አሁን ገባኝ፤ ስፖንጁን ለእጀታ ርዝመት ስል ነበር የማስቀረው። አጥንቶቹ ከቄራ የወጡ ናቸው፣ ሉካንዳው ማኅተሙን ያሳያል።

ሦስት ነገር ቀረኝ። ቅባቱ ማለቁን ከመሥራቴ በፊት በምን አረጋግጣለሁ? የተበላሹት 12ቱስ? አሴቶን ቶሎ ያወጣዋል የሚሉኝም አሉ።

ሞረድ

ማረጋገጫው ሚዛን ነው። አንድ ቁራጭ ላይ ምልክት አድርጊና ከሳሙናው አውጥተሽ በደንብ አድርቀሽ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኚው፤ መልሰሽ ለ4 ቀን ሳሙና ውስጥ ክተቺው፣ እንደገና አድርቀሽ መዝኚ። ክብደቱ ካልቀነሰ አልቋል። ማድረቁ ጊዜ ስለሚፈጅ ለአንድ ወይም ለሁለት ቁራጭ ብቻ አድርጊው። ሌላው የወረቀት ፈተና ነው። የደረቀውን ቁራጭ በነጭ ወረቀት ጠቅልለሽ ሞቅ ባለ ቦታ፣ 40 ዲግሪ አካባቢ፣ 1 ቀን አሳድሪው፤ ወረቀቱ ላይ እንደ ፓስቲ ወረቀት የሚያሳልፍ ነጠብጣብ ከታየ ገና ነው። በዓይንም ይታወቃል፤ ብርሃን ፊት ስትይዢው ቅባት ያለበት ቦታ ማር ይመስላል፣ የጸዳው ደብዘዝ ያለ የዝሆን ጥርስ መልክ ይኖረዋል።

አሴቶን ይሠራል፣ ግን ለመጨረሻው ግትር ነጠብጣብ እንጂ ለ40 ቁራጭ አይደለም። አጥንቱ ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥበት ካለ አሴቶኑ ከውሃው ጋር ይቀላቀልና ስቡን የማሟሟት ጉልበቱ ይደክማል። ክዳን ባለው የብርጭቆ ማሰሮ ከ3 እስከ 7 ቀን፣ ቢጫ ሲሆን ይቀየር። ጭሱ ከሩቅ እሳት ይይዛል፤ ከሰል፣ ሲጋራ፣ ስቶቭ፣ የመብራት ማብሪያ ያለበት ክፍል ውስጥ አይደረግም፣ ውጭ ነው። ከወጣ በኋላ ሽታው እስኪጠፋ ለቀናት ይናፈስ። አሴቶን ያለበት አጥንት ፐርኦክሳይድ ውስጥ እንዳይገባ፤ ሁለቱ ሲገናኙ አደገኛ ነገር ይፈጠራል። ቤንዚንና ናፍጣ የሚሉሽን አትስሚ፤ እሳቱ እንዳለ ሆኖ የራሳቸውን ቅባትና ሽታ ትተው ይሄዳሉ።

ስለ 12ቱ፦ በጥፍርሽ ፋቂያቸው። ጥፍር ገብቶ መስመር የሚያወጣበት ከሆነ ጭዱ ውስጥ ድረስ ሄዷል፤ ለእጀታ አይሆንም፣ ገበያ ላይም አታውጪው፣ ገዢው እጅ ላይ ይሰበራል። ዱቄቱ ላዩ ላይ ብቻ ከሆነ በእርጥብ 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጠንካራው አጥንት እስኪመጣ አሺው። ከዚያ 3 ቀን ውሃው እየተቀየረ ይነከር፣ የበረኪናው ጨው እንዲወጣ፤ ጨው ከቀረ ሲደርቅ ነጭ ፍሬ እየሆነ ይወጣል። ከዚያ ሳሙናው ባልዲ፣ ከ45 ዲግሪ ሳያልፍ፣ እነዚህ ደክመዋልና። ጫፎቻቸውን አሁኑኑ ቁረጪ።

ትንሽ የላላውን ዶቃ ለማጠንከር ቀጭኑ ሱፐር ግሉ ይሰርጋል፤ የቅርስ ጠጋኞች ደግሞ ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባለውን በአሴቶን አሟሙተው፣ ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ይቀቡታል። ሁለቱም ቅባት ያለበት አጥንት ላይ አይዙም። ሙጫ ቀድሞ ከገባ ደግሞ ቅባቱ ለዘለዓለም ታሰረ ማለት ነው።

መሰንጠቁ ከአጥንቱ መድከም ሌላ የአበሳሱም ነገር አለበት። አጥንት እንደ እንጨት በርዝመቱ የሚሄድ ሐረግ አለው፤ የሚሰነጠቀውም በዚያ መስመር ነው። የሚቻል ከሆነ የዶቃው ቀዳዳ በርዝመቱ አቅጣጫ ይሂድ። ከቀዳዳው እስከ ጠርዙ ቢያንስ የቀዳዳው ስፋት እጥፍ ይቅር፤ ለ2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ 4 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ማለት ነው። በሞርሳ ስትይዢው መሃሉ ቆዳ አስገቢ። በትራፓኖ ቀስ ብለሽ፣ ከሁለቱም ወገን ገብተሽ መሃል ላይ አገናኚው፤ ከአንድ ወገን ብቻ ከሄድሽ መውጫው ላይ ይፈነጥቃል። በየ10 ሰከንዱ ውሃ ንከሪው። የተቃጠለ ጸጉር ከሸተተሽ ኮላጅኑ እየነደደ ነው፣ አቁሚና አቀዝቅዢ። ለማስዋቡ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 220፣ 400፣ 800፣ 1200 በተራ፣ ሁሉም በእርጥቡ። 1200 ላይ ከደረሰ በኋላ በጥርስ ሳሙናና በጨርቅ ቢታሽ ያበራል። መጨረሻ ላይ ስስ ንብ ሰም፤ የምግብ ዘይት አይቀባ፣ ይኸው ቢጫ ነው የሚመለሰው።

ከድሬዳዋ

የግመልስ እንዲሁ ነው? እዚህ ግመል ስለሚታረድ በቀላሉ ይገኛል።

ቀንድና አጥንት

አሠራሩ ያው ነው። የግመል የታችኛው እግር ረጅምና ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ለእጀታ እንዲያውም ይመረጣል። ወፍራም በመሆኑ ግን ለሳሙናው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ጨምርበት፣ ለማድረቂያውም እንዲሁ። አንተ ጋ ያለው ሙቀት ለባልዲው ጥሩ ነው፤ ጥቁር ባልዲ በቀትር ፀሐይ ያለ እሳት ሊሞቅ ይችላል፣ ቴርሞሜትሩን እያየህ ከ50 እንዳያልፍ ብቻ ጥላ ስጠው። ሲደርቅ ነው የምትፈራው። ከሳሙና ወይም ከፐርኦክሳይድ የወጣ እርጥብ አጥንት እዚያ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ በአንድ ቀን ይተረተራል። እርጥብ ሰጋቱራ ውስጥ ቅበረውና ሰጋቱራው ራሱ ቀስ እያለ ይድረቅ፤ በየ3 ቀኑ ገልብጠው። የሻገተ ነገር ካየህ ሰጋቱራውን ቀይረው፣ አጥንቱን በ3 በመቶ ፐርኦክሳይድ ጠርገህ መልሰው።

ግመሉም ቢሆን ሐኪሙ ያለው ሕግ አለበት፤ ከቄራ የወጣ ይሁን።